የአቶ ኃይሉ መርጊያ የሙዚቃ ሕይወትና የታክሲ ሥራ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ለቡ የሚባለውን ሰፈር አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የጅቡቲ ምድር ባቡር ሲመረቅ የአዲስ አበባው ጣቢያ በዚያ ወገን ስለ ተሠራ፥ ስሙ ከቀድሞው ይልቅ በሰው አፍ በዝቷል። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በለቡ ካሉት መንደሮች አንዱን ሕዝቡ «ሙዚቃ ሰፈር» ብሎ ይጠራዋል። ባለፈው ሰሞን ከዚሁ መንደር አንድ አባት የቤታቸውን ጭንቀት ሊያማክሩን መጥተው ነበር። ስማቸውን እንዳንገልጥ አደራ ብለውናልና አንገልጠውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ አባት ረጅም ዘመን በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ፥ ልጆቻቸውንም በጨዋ ደንብ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ልጃቸው ግን ትምህርቱን እንደ ፈጸመ፥ ቤዝ ጊታር ካልተገዛልኝና ሙዚቀኛ ካልሆንሁ ብሎ አስቸገራቸው። እናቲቱ የዕቁብ ዕጣቸውን የሚጠባበቁ ናቸውና፥ ገንዘቡን ለልጁ መሣሪያ ለማዋል አስበዋል። አባት ደግሞ የቤቱ ጣራ ስለሚያፈስ ክረምቱ ሳይደርስ ለቆርቆሮ ይሁን ይላሉ። «የጣራውስ ነገር ይቅር፤ ልጄ አዝማሪ ሆኖ በየመሸታ ቤቱ ሲዞር ልየው? ሲያረጅስ ምን ሊበላ ነው?» ብለው ጠየቁን።

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ሆኖም ሰውየው ከሄዱ በኋላ ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ የአንድ ሰው ታሪክ ትዝ አለን፤ ለእርሳቸውም ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን።

አስቀድሞ ግን ልጁ የተመኘው መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንናገር። ቤዝ ጊታር እንደ ልማዱ 4 አውታሮች ያሉት፥ ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ መሣሪያ ነው። መሰንቆ 1 አውታር፥ ክራር 5 ወይም 6፥ በገና 10 አውታሮች እንዳሉት እናውቃለን፤ ከእነዚህ ሁሉ በድምፁ ጥልቀት ለቤዝ የሚቀርበው በገና ነው። በባንድ ውስጥ ዜማውን የሚያወጣው ዘፋኙ ወይም ነፊው ነው፤ ሰውም የሚያየውና የሚያጨበጭበው ለእነርሱ ነው። ቤዝ መቺው ግን ከኋላ ቆሞ ከከበሮው ጋር ምቱን ይጠብቃል። ድምፁ ሲሰማ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፤ ሲቋረጥ ግን ምሰሶው እንደ ተነቀለ ቤት ሁሉም ይላላል። ልጁ ይህን መምረጡ ለታይታ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና፥ በእኛ አሳብ ለአባቱ ጥቂት መጽናኛ ነው።

የአባትዮውን ፍርሃት ግን አናቃልለውም። በአገራችን አዝማሪ በነገሥታትና በመኳንንት ግብር ላይ ተጠርቶ ሲዘፍን፥ ሲያሞግስ፥ አንዳንዴም በቅኔ ሲወርፍ ኖሯል፤ ነገር ግን ያው ያሞገሰው ሰው ልጁን ለአዝማሪ አይድርለትም ነበር። የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃም በክብር የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ 40 የአርመን የሙት ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛው፥ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ የሙዚቃ ክፍሎች እየተስፋፉ ሄዱ፤ ሙዚቀኛውም የደንብ ልብስ ለባሽና ደመወዝተኛ ሆነ። አባቶች በዚህ ጥቂት ተጽናኑ። ችግሩ የተነሣው ሙዚቀኛው የደንብ ልብሱን አውልቆ በራሱ እጅ ሊያድር በወጣ ጊዜ ነው።

ታሪካቸውን የምንነግራችሁ አቶ ኃይሉ መርጊያም በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው። በ1946 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በ10 ዓመታቸውም ወደ አዲስ አበባ መጡ። የአማርኛውን፥ የኦሮምኛውንና የትግርኛውን ዜማ እየሰሙ አድገው፥ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን መምታትን ያለ አስተማሪ ተማሩ። በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍልም ገብተው የጥበቡን ደንብ ቀሰሙ። ቤዝ መቺ አይደሉም፤ እጃቸው የተፈታው በአኮርዲዮንና በኦርጋን ነው። ግን የኑሯቸው አካሄድ ለለቡው ልጅ ያው ነው።

ከሠራዊቱ ወጥተው በየምሽት ክበቡ ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ፥ ዋልያስ ከተባለው ባንድ ዋነኞች አንዱ ሆኑ። ባንዱ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች እንስሳ ከዋልያ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ያልነበረ ስለ ሆነም የሚያድረው በራሱ ሥራ ነበር። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። የደርግ ዘመን መጥቶ የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ፥ ማታ የገባ እንግዳ እስከ ንጋት መውጣት አይችልም ነበርና፥ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሁሉ እየተጫወቱ ያነጉ ነበር። ከተማው በፍርሃት ጸጥ ባለበት ሌሊት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ኦርጋንና ቤዝ ሲሰማ ማደሩን ስናስበው እስከ ዛሬ ይደንቀናል።

በ1977 ዓ.ም. «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አስቀረጹ። ዘፋኝ የሌለበት፥ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበት ሥራ ነው። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ሲሆን፥ ከጊዜ በኋላ የውጭ አገር ባንዶች ሳይቀሩ ደጋግመው ተጫውተውታል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ካሴት ሠሩ።

በ1981 ዓ.ም. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለመጫወት ሄዱ። አዳማጮቻቸው አብዛኛዎቹ ከአገራቸው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አንዳንዱ ተመለሰ፤ አንዳንዱ ቀረ። ከቀሩት መካከል አቶ ኃይሉ፥ አቶ ግርማ በየነ፥ ሳክስፎን ነፊው አቶ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ መቺው አቶ መላከ ገብሬ ይገኛሉ። እንግዲህ በአገሩ ስሙ የታወቀ ሰው ባሕር ማዶ ሲደርስ ስሙ አብሮት እንደማይሻገር የታየው በዚህ ነው። አቶ ኃይሉ፥ አቶ ሞገስና አቶ መላከ ዙላ የተባለ ባንድ አቁመው በዋሽንግተንና በሌላውም ከተማ ለኢትዮጵያውያን ተጫወቱ። አቶ ግርማ ግን ከሙዚቃው ርቀው በቤንዚን ማደያ ተቀጥረው ብዙ ዘመን ኖሩ።

አቶ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ለመማር ገብተው ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንድ ሥራ ብቻቸውን ሠሩ፤ ይኸውም የልጅነታቸውን አኮርዲዮን፥ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ሞግ ከሚባለው መሣሪያ፥ ከበሮ ከሚመታ መኪናም ጋር አዋሕደው ያስቀረጹት ካሴት ነው። ከበሮ መቺም ቤዝ መቺም አጠገባቸው አልነበረም። ካሴቱ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ተሸጠ፤ እንደ ማንኛውም ካሴት ተሰማ፤ ከዚያም ተረሳ። የዙላ ባንድ ሥራም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆመ።

በዚህን ጊዜ ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንዱ የቀድሞ ስሙን እየቈጠረ ለሥራ መኵራት ነው፤ ሌላው መሣሪያውን ሽጦ ሙያውን መርሳት ነው። አቶ ኃይሉ ሁለቱንም አላደረጉም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የታክሲ ነጂ ሆነው፥ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሚገኘው በደለስ የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ማመላለስ ያዙ። በመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን አኑረው ነበር። ታክሲዎቹ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ፥ እርሳቸው መሣሪያውን አውጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። የሚሰማቸው ሰው አልነበረም፤ የሚከፍላቸውም አልነበረም። ተራቸው ሲደርስ ወደ መሪው ይመለሳሉ። ይህ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት የተደረገ አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተደረገውን ብዙዎች ሰምተውት ይሆናል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፥ የአፍሪቃን ካሴቶች እየሰበሰበ የሚያሳትም አሜሪካዊ፥ በባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ያንን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰምቶ ተደነቀ፤ ባለቤቱን ፈልጎ በስልክ አገኛቸውና በፈቃዳቸው እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ አቶ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጋብዘው ተጫወቱ። በ2018 ዓ.ም. «ላላ በሉ»፥ በ2020 ዓ.ም. «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አዳዲስ ሥራዎች አወጡ፤ በሁለተኛው ላይ ቤዝ የመታው ኢትዮጵያዊው ዓለምሰገድ ከበደ ነው። ስማቸው ዳግመኛ ከታወቀ በኋላም ታክሲውን ወዲያው አልተዉትም፤ ከመድረክ ሲመለሱ ወደ መሪያቸው ይመለሱ ነበር። አቶ ግርማ በየነም ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ2017 ዓ.ም. አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር እንደገና ዘፍነው ሥራቸው ታትሟል።

ይህን ሁሉ ጽፈን ለለቡው አባት አነበብንላቸው። ሰውየው አስተዋይ ናቸውና ወዲያው አንድ ነገር ጠየቁን፤ «ያ ፈረንጅ ባሕር ዳር ባይገባስ ኖሮ?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባይገባ ኖሮ አቶ ኃይሉ ተራቸውን እየጠበቁ፥ በመኪናቸው ውስጥ እየተለማመዱ በኖሩ ነበር፤ እኛም ይህን ባልጻፍን ነበር። ስንት ጥሩ ሙዚቀኛ ካሴቱን የሚያገኝለት ሰው ሳይመጣ እንደ ቀረ የሚቈጥር የለም። የዋልያስን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንኳ ቤዙን የመታው መላከ ገብሬ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ልጅዎ ይታወቃል፥ ይከብራልም ብለን ቃል አንሰጥም አልናቸው። ነገር ግን በዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ የነበሩት ሰው ሠርተው ያደሩ፥ እጃቸውም ያልዛገ ሰው ነበሩ፤ ደዋዩ ሲደውል የተነሡት ሳይዘጋጁ አልነበረም። የፈሩት ነገር የልጅዎ በየመሸታ ቤቱ መዞር ከሆነ፥ አቶ ኃይሉም ዞረዋል፤ ሰካራም ሆነው ግን አልተመለሱም።

አባትዮው ዝም ብለው ቆዩ። እናቲቱም አብረዋቸው መጥተው ነበርና፥ «ዕቁቡ ሊያልቅ የቀረነው ሁለት ነን፤ የዘንድሮ ጣራ በሸራም ይሸፈናል» አሉ። አባት ይህን አልተቀበሉም። ለግማሹ ቆርቆሮ፥ ለግማሹ አዲስ ሳይሆን ሌላ ሰው የተጠቀመበት ጊታር ይበቃ እንደ ሆነ ዋጋ እንድናጠያይቅላቸው ጠየቁን። ከተነሡም በኋላ በሩ ላይ ቆም አሉና፥ «እንግዲያውስ አስቀድሞ መንጃ ፈቃዱን ያውጣ» አሉ።