መጦሪያ ቤት ላሉ እናት ምን ይወሰድላቸው?

በፎገራ ሜዳ ሰማንያ ያለፋቸው እናት የልደት ቀናቸውን ቢጠየቁ ቀንና ዓመት ቆጥረው አይመልሱም። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ መኸር ሲገባ» ይላሉ። እንዲህ ማለታቸው አይገርምም። ልደት በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የምዝገባ አዋጁ ራሱ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች «የእማዬን ልደት እናክብር» ሲሉ በመጀመሪያ ቀኑን ራሳቸው መምረጥ ይኖርባቸዋል። አንዳንዱ ክርስትና የተነሱበትን የታቦት ቀን ይይዛል፣ ሌላው እንቁጣጣሽን። ቀኑ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ ምን ይዞ ይኬዳል?

እናት በገዛ ቤታቸው ካሉ መልሱ የታወቀ ነው። ለበዓል በግ ይነዳል፣ ስኳርና ዘይት ይጫናል፣ ቀሚስ ይሰፋል። መጦሪያ ቤት ለገቡት ግን በጉን የሚያሳርዱበት ግቢ፣ ዘይቱን የሚያኖሩበት ጓዳ የለም። ወላጅን ከቤት ውጭ ማስጦር በብዙው ቤተሰብ ዘንድ እንደ መጣል ስለሚታይም ልጆች ጸጸታቸውን በስጦታ ብዛት ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። ብዙ የተሸከመ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ጥሩ አሳቢ አይደለም።

ለፎገራ ሰው የአረጋውያን ማረፊያ ሩቅ ነገር አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይገኛል። ወንድና ሴት በአንድ ሸማ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩበት ይህ መንደር ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን የተለየ ቤት አለው። ተንከባካቢዎች ያጥቧቸዋል፣ ያበሏቸዋል፣ ያስታምሟቸዋል። ወጪውን የሚሸፍነው ማኅበረሰቡ ለደካሞች ብሎ ከሚሠራው ሥራ የሚገኘው ገቢ ነው። እዚያ አረጋዊን መጦር የአንድ ልጅ ሸክም ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ምግብ፣ አልጋና ንጽሕና ይሰጣል። የሚቸግረው ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን «ግቡ፣ ብሉ» ሲሉ የኖሩ እናት አሁን የሚበሉትም የሚለብሱትም ከሰው እጅ ነው። ስለዚህ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠው መልሶ ጋባዥ የሚያደርጋቸው ነው።

ቡና ለዚህ ይመቻል። ቤቱ ቡና የሚጠጣበት ከሆነ ጥሬ ቡና ከነዕጣኑና ከነቄጤማው ይዞ መሄድ፣ እናትን ከረከቦቱ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ቡናውን ይለቅማሉ፤ ጭሱ ሲዞር ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ አቦሉ ሲቀዳ «ለእሷ ስጧት» እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ይጋብዛሉ። አንድ ኪሎ ቡና ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ምርቃቱም የእሳቸው ይሆናል። አብረዋቸው የሚኖሩ ጠያቂ የሌላቸው አረጋውያንም የበይ ተመልካች ሆነው አይቀሩም።

ጋቢ ሁሉም የሚያስበው ስጦታ ነው፤ ግን ማሰብ ያሻል። አራት ድርብ የሆነ ጋቢ በኅዳር ሌሊት ያሞቃል፣ ሲታጠብ ደግሞ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። አልጋ ላይ ለዋሉ እናት ሳሳ ያለ ኩታ ሁለት ሆኖ ቢገዛ ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ልብስ በጅምላ በሚታጠብበት ቤት ነጩ ሁሉ ስለሚመሳሰል በጥለቱ ጥግ ላይ ስማቸውን በቀለም ክር መጥለፍ ልብሱ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይለዋወጥ ይረዳል።

ምግብ ላይ ፍቅር ሊያሳስት ይችላል። ጥርስ ለሌላቸው ቆሎ፣ ስኳር ላለባቸው ማር፣ ደም ግፊት ላለባቸው ጨው የበዛበት ቋንጣ መውሰድ ጉዳት ነው። ለስላሳ ድፎ ዳቦ ወይም ከፎገራ ሩዝ የተሠራ ገንፎ ለብዙዎቹ ይስማማል፤ ስኳር ላለባቸው ግን መጠኑን ተንከባካቢዋ ትወስን። ጫማም ከተገዛ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወድቀው ከሚሞቱት መካከል የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደግሞ ሌላ ልማድ አስለምዷል። ሰዎች የራሳቸውን ልደት፣ ሠርግና ሙት ዓመት እዚያ ሄደው አረጋውያኑን በማብላት ያከብራሉ። ማዕከሉ ከምሳው ሌላ ሳሙና፣ ብርድ ልብስና የአዋቂ ዳይፐር ያስፈልገዋል። ለፎቶ የማያምሩ ዕቃዎች ናቸው፤ በየቀኑ የሚያልቁት ግን እነሱ ናቸው።

ስጦታውን መንግሥት ራሱ የሚሰጥበት አገርም አለ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ 100 ዓመት ለሚሞላቸው ዜጎቿ የብር ዋንጫ ስትሰጥ ኖራለች። ባለ መቶዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዋንጫውን ብር ቅብ ለማድረግ ተገድዳለች።

ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ለተንከባካቢዋ ስልክ መደወል ይገባል። ምን እንዲበሉ ተፈቅዶላቸዋል? ምን አልቆባቸዋል? በክፍሉ ስንት ሰው አብሯቸው ይኖራል? እነዚህን ጠይቆ የገዛ ልጅ ገንዘቡን አያባክንም፤ ከዚያ የቀረውን እናትን ራሳቸውን ይጠይቅ። «ምንም አልፈልግ» ቢሉም በዚያው አይቁም፤ «ለጎረቤትዎ ምን ላምጣ?» ብሎ ይጠይቃቸው።