«ጊቭ አፕ» እና «ተስፋ ቈረጠ»

የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሦች ተርጓሚን የሚያስቸግሩት፣ ግሡና ተከታዩ ቃል ተዋሕደው ከሁለቱም የራቀ ፍች ስለሚሰጡ ነው። «ጊቭ» ሰጠ፣ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ቢሆንም «ጊቭ አፕ» ወደ ላይ ሰጠ ማለት አይደለም። ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቋንቋችን «እጅ ሰጠ» ተማረከ፣ «እጅ ነሣ» ደግሞ በአክብሮት ጐንበስ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ቃል በቃል የፈታ ሰው ይሳሳታል።

በትርጕም ሥራዎች ላይ የምናየው ጕድለት «ጊቭ አፕ» በመጣ ቍጥር «ተስፋ ቈረጠ» መባሉ ነው። ይህ ፍች የሚስማማው በተለይ «ኦን» ተጨምሮ «ጊቭ አፕ ኦን» ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ «ተስፋ ቈረጠበት» ትክክል ነው። ያለ ተሳቢ ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ መሸነፍን ማመን ብቻ ነው። እንቆቅልሽ የተጠየቀ ልጅ በእንግሊዝኛ «አይ ጊቭ አፕ» ቢል መልሱ ጠፋው እንጂ ተስፋው አልተቈረጠም። የኛ ልጅ በዚሁ ጊዜ «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርን ወይም ጎጃምን ይሰጣል። እንግሊዝኛውም አማርኛውም በ«መስጠት» መገናኘታቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ተሳቢ ሲኖረው ፍችውን የሚወስነው ተሳቢው ነው። ሲጋራ ማጨስን ከሆነ ተወ፣ መቀመጫን ከሆነ ለቀቀ፣ ተሳቢው ራሱ ባለቤቱ ከሆነ እጁን ሰጠ ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስበን የሕግ ጽሑፍ ነው። አንድ ወራሽ «ጊቭ አፕ» ያደረገው የውርስ መብቱን ከሆነ፣ አማርኛው «መብቱን ተወ» መሆን አለበት። «በመብቱ ተስፋ ቈረጠ» ቢባል የተነገረን የልቡ ሐዘን እንጂ የፈጸመው ድርጊት አይደለም፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው መብቱ አሁንም በእጁ ነው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ልዩነቱ ቤትና ርስት ያሳጣል።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገቡ መፍታታቸው ለእንዲህ ያለው ግሥ የሚበጅ መንገድ ነው። እኛም ወደፊት በሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት «ጊቭ አፕ» ከነተሳቢዎቹ እንዲመዘገብ እናሳስባለን።

የቃል ቅደም ተከተሉም መጠቀስ አለበት። ተሳቢው ስም ሲሆን ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን በመካከል ይገባና «ጊቭ ኢት አፕ» ይሆናል። ችኩል ተርጓሚ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ አይቶ «ስጠው» ይላል፤ የተባለው ግን «ተወው» ነው።