ሙቀት የሚቋቋም ፎም፦ ምስጢሩ ልኬቱ ነው

የቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳ ተቆርጦ ቢታይ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ጠጣር ፎም ይገኛል። ይህ ፎም ፖሊዩሬቴን ወይም የቅርብ ዘመዱ ፖሊአይሶሲያኑሬት ሊሆን ይችላል። የሁለቱም መነሻ አይሶሲያኔትና ፖሊዮል የተባሉ ፈሳሾች ናቸው። አንዱን ከሌላው ይበልጥ ሙቀት እንዲችል የሚያደርገው በዋናነት የድብልቁ መጠን ነው።

አይሶሲያኔቱ ከፖሊዮሉና ፎሙን ለመንፋት ከሚጨመረው ውሃ ጋር ልክ ተዋህዶ የሚያልቅ ከሆነ መጠኑ 100 ይባላል። ተራው ጠጣር ፖሊዩሬቴን ከዚህ እምብዛም አይርቅም። መጠኑ ከ200 ሲያልፍ ግን የተረፈው አይሶሲያኔት በፖታሲየም ጨው ቀስቃሽነት ሦስት ሦስት እየሆነ እርስ በርሱ ይያያዝና ቀለበት ይሠራል፤ ፖሊአይሶሲያኑሬት የሚባለው ይህ ነው። የተራው ፎም ማሰሪያ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መፍታት ሲጀምር፣ ቀለበቱ ከ300 በላይ ይዘልቃል። እሳት ሲነካውም ላዩ ከስሎ የውስጡን ክፍል ለጊዜው ይከልላል።

ይሁን እንጂ መጠኑን ዝም ብሎ መጨመር አይበጅም። ቀለበት የበዛበት ፎም ይሰባበራል፣ ይፈረፈራል፣ ከቆርቆሮውም በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ አምራቾች የፖሊዮሉን ዓይነት ይመርጣሉ፤ የማምረቻውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋሉ።

ሌሎቹም ግብዓቶች ልክ አላቸው። ውሃ ከአይሶሲያኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ፎሙን ይነፋዋል፤ ሲበዛ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። ሌላው መንፊያ ፔንቴን ሙቀት በማገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻላል፤ ጉዳቱ ተቀጣጣይነቱ ነው። የእንጀራ ዓይን ክፍት ሲሆን የዚህ ፎም ዓይኖች ዝግ ናቸው፤ ጋዙን አስረው ስለሚይዙ ሙቀት እንደልቡ አያልፍም። ሳይፈነዱና ሳይቀላቀሉ እንዲጸኑ የሚያደርጋቸው በጥቂቱ የሚጨመር ሲሊኮን ነው። የሚነፋው ጋዝ በበዛ ቁጥር ፎሙ ይቀላል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል።

ሙቀት ይችላል ማለት አይነድም ማለት አይደለም። ፎሙ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞች ያወጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በእሳት አደጋ 72 ሰዎች የሞቱበት የለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ ግድግዳ ላይ ፖሊአይሶሲያኑሬት ፎም ነበር። የእሳቱ መዛመት ዋና ምክንያት የውጪው የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ልባስ ቢሆንም፣ ፎሙም ድርሻ ሳይኖረው እንዳልቀረ የምርመራ ሪፖርቱ ገልጿል።

ስለዚህ ፓነል የምትገዙ ሁሉ የፎሙን ስም ሰምታችሁ አትርኩ፤ ቆርቆሮውና መጋጠሚያው ሳይቀር ሙሉው ፓነል በእሳት የተፈተነበትን ማስረጃ ጠይቁ።