የጀልባ ሞተር ማርሽ የት ነው ያለው?

ሁለት ፕሮፔለሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸው፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ክንፍ አላቸው፤ ሁለቱም ባለ 15 የፈረስ ጉልበት አውትቦርድ ሞተር ዘንግ ላይ ልክ ይገባሉ። (አውትቦርድ የሚባለው ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ ታስሮ የምታዩት ሞተር ነው።) ልዩነታቸው እላያቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብቻ ነው። አንደኛው 9¼ × 10 ይላል፤ ሌላኛው 9¼ × 8። ጀልባችሁ የሚሠራው ጣና ላይ ነው፤ ስምንት ሰው ይጭናል። የትኛውን ትወስዳላችሁ?

ብዙ ሰው ባለ 10ሩን ያነሳል። ትልቅ ቁጥር ፍጥነት ይመስላላ! ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ምርጫው ከተሳሳተ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ሞተር ደግሞ ሲሞት ብዙ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደብ ሳይሆን ከሐይቁ መሃል ነው የሚሞተው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታቸው። ሁለቱም በኢንች ናቸው። የፊተኛው ዲያሜትር ነው፤ ክንፎቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት። የኋለኛው ፒች ይባላል። ፒችን ለመረዳት ቡለንና ዳዶ አስቡ። ቡለኑን አንድ ዙር ስታዞሩት ወደ ውስጥ የተወሰነ ርቀት ይገባል አይደል? ፕሮፔለርም ውሃው እንደ ዳዶ የማይነቃነቅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ፒቹ ነው። ባለ 10ሩ በአንድ ዙር 25.4 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 8ቱ 20.3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሂሳብ እንሥራ። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት በደቂቃ 5,500 ዙር ይዞራል። ከታች ባለው የማርሽ ሳጥን ውስጥ ይህ ዙር በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ፕሮፔለሩ ጋ ሲደርስ 2,750 ይሆናል። በ25.4 ሳንቲ ሜትር ስታባዙት በደቂቃ 698 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ውሃ ግን ዳዶ አይደለም፤ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሰው ብቻ የጫነች ቀላል ጀልባ ላይ ከዚህ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ በመንሸራተት ቢጠፋ 33 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀራል።

ስምንት ሰው ሲጫንስ? አሁን ታሪኩ ይለወጣል። የከበደች ጀልባ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ መንሸራተት አትችልም፤ ውሃውን እየሰነጠቀች፣ ራሷ የፈጠረችውን ማዕበል ከፊቷ እየገፋች ነው የምትሄደው። ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ አንድ ጥሩ ግምት አለ፦ ውሃውን የሚነካውን የጀልባዋን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙት። 6 ሜትር ከሆነ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ የሚጠይቀው ጉልበት በጣም ስለሚንር 15 ፈረስ አይበቃውም። ታዲያ ለ42 ኪሎ ሜትር የተቆረጠ ፕሮፔለር 11 ላይ ምን ይሠራል? ውሃውን እየደበደበ ሞተሩን ያናንቃል።

ሚኒባስ በአራተኛ ማርሽ እንጦጦን ሲወጣ አስቡት። ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሳም። ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ወደ ሁለተኛ ይቀንሳል። አውትቦርድ ሞተር ላይ ግን የሚቀነስ ማርሽ የለም፤ ያለው ወደፊት፣ ዜሮና ወደ ኋላ ብቻ ነው። የፍጥነት ማርሹን የምትመርጡት ወደብ ላይ፣ ፕሮፔለሩን ስታስሩ ነው ማለት ነው። ትልቅ ፒች አራተኛ ማርሽ፣ ትንሽ ፒች ሁለተኛ ማርሽ ነው።

አሁን የጣናን ጉዳይ እናምጣ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ጣፋጩ ክፍል እዚህ ጋ ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ 16 በመቶ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር መጠን ያው ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ስለዚህ እላዩ ላይ 15 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ 12 ተኩል ገደማ ፈረስ ነው። ጫሞ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ በ1,700 ሜትር አካባቢ ለጣና ይቀርባል።

ይህ በዙር ሲተረጎም ምን ያህል ነው? ፕሮፔለር የሚጠይቀው የመጠምዘዝ ኃይል በዙሩ ስኩዌር ልክ ያድጋል። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 0.84 ቢወርድ ዙሩ ወደ 0.84 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ወደ 0.92 ይወርዳል። 5,500 የነበረው 5,050 አካባቢ ሆነ ማለት ነው። ሻካራ ሂሳብ ነው፤ ግን አቅጣጫው ትክክል ነው። በሌላ በኩል ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል የሚለው የቆየ የሜካኒኮች መመሪያ አለ። የጎደለውን ወደ 450 ዙር ለመመለስ ከሁለት ኢንች በላይ ያስፈልጋል። ከ10 ወደ 8። ባለ 8ቱን ያነሳችሁ ልክ ናችሁ!

ቆይ ግን፣ ፒች ቀነስን ማለት የጠፋው ጉልበት ተመለሰ ማለት አይደለም። የሳሳ አየር የሳሳ አየር ነው። የመለስነው ሞተሩ በሚመቸው ዙር የመሥራት ዕድሉን ነው። ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠው ዙሩ ካልወጣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጫና ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሙቀቱ ይከማቻል፤ ጥላሸት ይጠራቀማል፤ ነዳጁም ያለ ሥራ ያልቃል። በተቃራኒው ፒቹ ከመጠን በላይ ካነሰ ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ እየጮኸ ይዞራል፤ ያ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሰብረዋል።

ስለዚህ ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ የምተማመነው በአንድ ፈተና ነው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ሊደርስበት የሚገባው ዙር ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ5,000 እስከ 6,000። ጀልባውን እንደ ወትሮው ጫኑት፤ ሰውም ዕቃም። ገላጣ ውሃ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስጡትና ዙሩን አንብቡ። ከተጻፈው በታች ከሆነ ፒች ቀንሱ፤ በላይ ከሆነ ጨምሩ። ትንንሽ ሞተሮች ላይ የዙር መለኪያ ብዙ ጊዜ የለም፤ ግን የካንዴላ ገመድ ላይ ሽቦ በመጠምጠም ብቻ የሚሠሩ ርካሽ መለኪያዎች አሉ። ባዶ ጀልባ ላይ ፈትኖ መግዛት ግን ራስን ማታለል ነው። እኔ ብጠየቅ ጀልባው በጣም በሚከብድበት ቀን ልክ የሚሆነውን እመርጣለሁ፤ ባዶውን ሲመለስ ነዳጁን ትንሽ መቀነስ ይቻላላ።

ዲያሜትሩንስ ለምን አልነካነውም? በመርሕ ደረጃ ትልቅ ዲያሜትር ጥሩ ነው። 100 ኪሎ ግራም ውሃ በሴኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ መግፋትና 10 ኪሎ ግራም ውሃ በሴኮንድ 10 ሜትር መግፋት ለጀልባው የሚሰጡት ግፊት እኩል ነው። የሚበሉት ኃይል ግን የመጀመሪያው 50 ጁል፣ ሁለተኛው 500 ጁል! ብዙ ውሃ በቀስታ መግፋት ያዋጣል። ችግሩ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ቦታውን ስለምትወስነው ትንሽ ሞተር ላይ ዲያሜትር መጨመር ብዙም አይቻልም። የቀረልን ፒች ነው።

የክንፍ ብዛትን በተመለከተ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ በ1836 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ፕሮፔለር እንደ ቡለን ጥርስ ሁለት ሙሉ ዙር የተጠመዘዘ የእንጨት ብሎን ነበር። በማግስቱ ዓመት በሙከራ ላይ እንጨቱ ተሰብሮ ግማሹ ወደቀ። ጀልባዋ ቆመች? ኧረ ፈጠነች! ትርፉ እንጨት ሥራው ውሃውን ማሻሸት ብቻ ነበርና። አራት ክንፍ ከሦስት ይሻላል ብሎ መደምደም የማይቻለውም ለዚህ ነው። አራተኛው ክንፍ ከባድ ጭነት ላይ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ንዝረትም ይቀንሳል፤ ግን የራሱን ሰበቃ ይዞ ይመጣል፤ ዙሩንም ይቀንሳል።

ከብረቱ ዓይነት አሉሚኒየምን እመርጣለሁ። የማይዝግ ብረት ጠንካራና ቀጭን ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ግን አይታጠፍም፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ማርሹ ይሄዳል። አሉሚኒየሙ ራሱ ታጥፎ ማርሹን ያድናል።

ጣና ላይ ድንጋይ ብቻ አይደለም ጠላቱ። እምቦጭ ክንፉ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ልክ ትልቅ ፒች እንደታሰረለት ያቃስታል። የተቆረጠ የናይለን መረብ ደግሞ ይብሳል፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ይቆርጣል። ውሃ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ሲገባ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ያንን ካያችሁ ፕሮፔለር አትቀይሩ፤ ቀለበቱን ነው የምትቀይሩት።

አንድ የሚያምታታ ምልክት ደግሞ አለ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም። ፒቹ አንሶ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሞተሩ በጣም ከፍ ብሎ ታስሮ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ወይም በብዙ ፕሮፔለሮች መሃል ላይ ያለው፣ ምትን እንዲያበርድ የተሠራው ጎማ ለቆ ዘንጉ ለብቻው እየዞረ ይሆናል። ይሄን ለመለየት ከውስጠኛው ብረት ጀምሮ ጎማውን አልፎ እስከ ውጨኛው ብረት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ፤ ጀልባውን ትንሽ ንዱትና ሞተሩን አጥፍታችሁ እዩት። መስመሩ ተቆርጦ ሁለት ቦታ ከሆነ ጎማው ለቋል።