ከእቴጌ መነን ግዛት እስከ ወረዳ ምክር ቤት፦ የሴቶች አስተዳዳሪነት በደቡብ ጎንደር

ደብረ ታቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የየጁ መሳፍንት ዋና መቀመጫ ነበረች። ራስ ዓሊ አሉላ በጌምድርን ከዚች ከተማ ሆነው ሲያስተዳድሩ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ የሚገኘው ሰፊ አገር ደግሞ ግብር የሚያስገባውና ትእዛዝ የሚቀበለው ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ሊበን ነበር። ስለዚህ በደቡብ ጎንደርና በአካባቢው «ሴት አገር ልታስተዳድር ትችላለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ታሪክ ከ170 ዓመታት በፊት መልሶታል። ያኔ ያልተመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከመሳፍንት ቤት ያልተወለደች ሴት ወደ አስተዳዳሪነት የምትደርሰው በምን መብትና በየትኛው መንገድ ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ያለፈውን ታሪክና ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የሕግ ሥርዓት አገናዝቦ ያብራራል፤ ዜጎች መብታቸውን ለመጠቀም ወደየትኛው ጽሕፈት ቤት መሄድ እንደሚችሉም ያመለክታል።

እቴጌ መነን በዘመነ መሳፍንት

መነን ሊበን አመዴ የወሎ ባላባቶች ልጅ ናቸው። ልጃቸው ዓሊ ገና በለጋ ዕድሜያቸው የራስነት ማዕርግ ሲያገኙ፣ በዙሪያቸው ከነበሩት የመንግሥት መሪዎች መካከል ጎላ ያለ ድርሻ የነበራቸው እናታቸው ነበሩ። በኋላም ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብተው በ1832 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ። ይሁን እንጂ የመነን ሥልጣን የማዕርግ ስም ብቻ አልነበረም። ደምቢያንና በጣና ዙሪያ ያሉ አገሮችን በእጃቸው ይዘው ሹም ይሾሙ፣ ግብር ያስገብሩ፣ ጦር ያዘምቱ ነበር።

የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ኃይላቸው እየጎላ በመጣ ጊዜ የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ተድራላቸው ነበር። ጋብቻው ግን ሰላም አላመጣም። ካሣ በደምቢያ ላይ ዘመቱ፤ በ1839 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም ጎንደርን ያዙ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር እቴጌይቱ ራሳቸው ጦር መርተው ከጣና በስተ ሰሜን ገጠሟቸው፤ በውጊያው ቆስለው ተማረኩ። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ የከፈሉት ዋጋ፣ መነን ይገዟቸው የነበሩትን አገሮች ለካሣ መልቀቅ ነበር። ሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ በአይሻል ውጊያ የራስ ዓሊ ሥልጣን ራሱ አከተመ። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ሆነች፤ በአቅራቢያዋ በጋፋት መድፍ የተሠራውም በዚሁ ዘመን ነው።

ሥልጣኑ ከምን ይመነጭ ነበር?

እቴጌ መነን ብቸኛ አልነበሩም። ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀድመው፣ ቋራ የተወለዱት እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ጎንደር ላይ ሆነው መንግሥቱን አስተዳድረዋል። በወሎ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት በልጆቻቸው ስም አገር ገዝተዋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ መንገዳቸው በወርቂት ግዛት በኩል ነበር። የወርቂት ልጅ በዚያን ጊዜ በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ይገኝ ነበር። ወርቂት ልጃቸውን አጡ፤ ምኒልክ ግን ሸዋ ገቡ። እነዚህ ሴቶች የወሰኗቸው ውሳኔዎች ከባድ ዋጋ የሚያስከፍሉ የመንግሥት ውሳኔዎች ነበሩ።

የሥልጣናቸው መሠረት ሁለት ነበር። የመጀመሪያው መሬት ነው። በበጌምድርና በአካባቢው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ትወርስ ነበር። የጉልት መሬት የያዙ ወይዛዝርትም ነበሩ። ጉልት ግብር የመሰብሰብና በነዋሪው መካከል የመዳኘት መብት ስለሚያስገኝ፣ ጉልት ያላት ሴት በአካባቢዋ ባለሥልጣን ነበረች። ሁለተኛው መሠረት ዝምድና ነው፤ የገዥ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም እኅት መሆን ወደ ሥልጣን የሚያደርስ በር ነበር።

ይኸው በር ግን ጠባብ ነበር። መሳፍንቱ ሲወድቁ እናቲቱም አብራ ትወድቃለች፤ የገበሬ ልጅማ ከበሩም አትደርስም። ዙፋን ላይ የወጣችው ሴት እንኳ ከዝምድና እስራት ነፃ አልነበረችም። የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ሲነግሡ፣ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ በመሆናቸው መኳንንቱ ሥጋት አደረባቸው። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባለቤታቸው እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እንዲያስተዳድሩ ወደ ሰሜን ተላኩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ውጊያ ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለት ቀን ልዩነት ዐረፉ። ለሴት የተሰጠው ታላቅ ሥልጣን የጋብቻ መለያየትን ጭምር የሚጠይቅ እንደነበር ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከልደት ወደ ሕግ

ዘመናዊው የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ሲደራጅ በጌምድርና ሰሜን በጎንደር ከተማ ማዕከልነት አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ገዥዎቹም በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። በዚህ ሥርዓት ርስትና ጉልት ለወይዛዝርት ይሰጡት የነበረው የአስተዳደር ሥልጣን ቦታ አጣ። በሌላ በኩል የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት በር ከፈተ። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ ግን ምክር ቤት የገቡት በሕዝብ ድምፅ ነው። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ለሁሉም ሴት ዜጋ አረጋገጠ። አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ከመግለጹም በላይ፣ ከኋላ ታሪክ የወረሱትን የበታችነት ጫና ለማስወገድ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት ይሰጣቸዋል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመውረስ እኩል መብት አላቸው። ጥንት ርስት ያላት ሴት ድምፅ እንደነበራት ለሚያስታውስ ሰው፣ የመሬትና የሥልጣን መብት በአንድ አንቀጽ መቀመጣቸው ድንገተኛ አይመስልም።

ከዚያ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የታዩ ለውጦች አሉ። በ2007ቱ ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 212ቱን ሴቶች አግኝተዋል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከተሾሙት 20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆኑ። ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ተሰየሙ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ዓለሚቱ ኡሞድ የጋምቤላ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆነዋል። የክልል ርዕሰ መስተዳድርነት በቀድሞው አጠራር ለጠቅላይ ግዛት ገዥነት የቀረበ ኃላፊነት ነው።

ዛሬ አስተዳዳሪ የሚኮነው እንዴት ነው?

ብዙ ዜጎች የቀበሌ፣ የወረዳና የዞን አስተዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ መንገድ ወደ ሥልጣን እንደሚመጡ ያስባሉ። መንገዱ ግን የተለያየ ነው።

ቀበሌ፦ የቀበሌው ነዋሪ የቀበሌ ምክር ቤት አባላትን ይመርጣል። የቀበሌው አስተዳደር ከዚህ ምክር ቤት ይወጣል።

ወረዳ፦ እንደ ፋርጣ፣ ፎገራ፣ ደራ፣ እብናት፣ ስማዳና ላይ ጋይንት ባሉ ወረዳዎች ሕዝቡ የወረዳ ምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የወረዳውን ዋና አስተዳዳሪ ከአባላቱ መካከል ይሰይማል። ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪ ለመሆን የምትፈልግ ሴት በቅድሚያ የምክር ቤት አባል ሆና መመረጥ አለባት።

ከተማ፦ በከተማ አስተዳደር ከንቲባው የሚሰየመው በከተማው ምክር ቤት ነው።

ዞን፦ በተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት (አዋጅ ቁጥር 59/1994) እንደ አዊ ያሉ የብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደቡብ ጎንደር ግን የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር እርከን በመሆኑ የዞኑ ዋና አስተዳዳሪ በክልሉ መንግሥት ይሾማል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ለዞንም ሆነ ለክልል ሹመት የሚታጩት ሰዎች በአመዛኙ ልምድ የሚያካብቱት ከታች ነው። በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት የሴቶች ቁጥር ካነሰ፣ ከላይ የሚታጩት ሴቶችም ያንሳሉ። ሕንድ በዚህ ረገድ የወሰደችው እርምጃ ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከመንደር ምክር ቤቶች መቀመጫና ሰብሳቢነት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን ደንግጋለች። ሩዋንዳም በ2003 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በውሳኔ ሰጪ አካላት ቢያንስ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ወስናለች። በኢትዮጵያ የምርጫ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1162/2011) የተመረጠው መንገድ የተለየ ነው፤ ለፖለቲካ ፓርቲዎች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ሲከፋፈል የሚያቀርቧቸው ሴት ዕጩዎች ቁጥር ከግምት ውስጥ ይገባል። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ዜጎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

መብት በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሥራው አያልቅም። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጆቿን አብልታ የምትውል እናት የቀበሌ ስብሰባ በማታ ከተጠራ አትገኝም። የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ ሰፍሮ ሳለ በስብሰባው ላይ የሚናገረው ባለቤቷ ብቻ ከሆነም ድምፅዋ አይሰማም። በሚከተሉት ጉዳዮች ላይ የሚወሰዱ እርምጃዎች ግን በማንኛውም ዜጋ እጅ ያሉ ናቸው።

መታወቂያ፦ ማንኛዋም ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በራሷ ስም የቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ይገባል። በመራጭነት ለመመዝገብ ማንነትንና ነዋሪነትን ማረጋገጥ ያስፈልጋልና፣ ምርጫ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም።

የመሬት ይዞታ፦ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሚስት ስም ካልሰፈረ ወይም በስሕተት ከተጻፈ፣ ጥያቄው ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ጉድለት ነው።

ተሳትፎ፦ የቀበሌ ምክር ቤት፣ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የአስተዳደር ልምድ የሚገኝባቸው የመጀመሪያ ደረጃዎች ናቸው። ነዋሪዎች የስብሰባ ሰዓት ለሴቶች በሚመች መልኩ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላሉ።

ቅሬታ፦ በሴትነቷ ምክንያት ከአገልግሎት፣ ከሹመት ወይም ከስብሰባ የተገለለች ሴት ጉዳይዋን በወረዳ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በዞን ደግሞ ደብረ ታቦር ለሚገኘው መምሪያ ማቅረብ ትችላለች። በአስተዳደር በደል ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በቅድሚያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ይቀርባል፤ መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማምራት ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ የተፈጸመውን ድርጊት፣ ቀኑንና የሚጠየቀውን መፍትሔ ቢይዝ፣ ቀድሞ የተሰጠ ምላሽ ካለም ቅጂው ቢያያዝ ውሳኔውን ያፋጥናል።

እቴጌ መነን ያስተዳደሩት ልጃቸው ራስ፣ ባለቤታቸው ንጉሥ በመሆናቸው ጭምር ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላም ግዛቱን የወሰደው በጦር ሜዳ ያሸነፈው ሆነ። ዛሬ በጉና ተራራ ሥር ለምትኖር አንዲት አርሶ አደር ሕጉ የሚጠይቃት ዜግነቷን፣ ዕድሜዋንና የጎረቤቶቿን ድምፅ ነው። የመጀመሪያው እርምጃም ከቀበሌዋ ጽሕፈት ቤት፣ በራሷ ስም ከሚወጣው መታወቂያና ከይዞታ ደብተሩ ይጀምራል።