ዝግ የገቢ ፈንዶችን ማነጻጸር፦ ድርሻ ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ አካባቢዎች አንድ ቤተሰብ የሚቆጥበው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከበግ ሽያጭ፣ ከገብስና ከጤፍ ምርት፣ እንዲሁም በከተማና በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ከሚልኩት ነው። ይህ ገንዘብ እስካሁን በእቁብ፣ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በባንክ ሲቀመጥ ቆይቷል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ከተቋቋመና የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ግን ለቆጣቢው ሌሎች አማራጮች እየቀረቡ ነው። በአዋጁ ከተካተቱት መካከል የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ አንዱ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ የዚህ ፈንድ አንድ ዓይነት የሆነውን ዝግ የገቢ ፈንድ ይመለከታል።

ዝግ ፈንድ በመጀመሪያ የተወሰነ ቁጥር ያለው ድርሻ ሸጦ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። የተሰበሰበው ገንዘብ በቦንድ፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ወይም በአክሲዮን ላይ ይውላል፤ ወለዱና የትርፍ ድርሻው በየጊዜው ለባለድርሻዎች ይከፈላል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ በለንደን የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፈንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ክፍት በሆነ ፈንድ ባለድርሻው ድርሻውን ለፈንዱ መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል። በዝግ ፈንድ ግን ገንዘቡን የሚያገኘው ሌላ ገዢ ሲያገኝ ብቻ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር የገዙ ዜጎችም አክሲዮኑን ለኩባንያው መልሰው ገንዘባቸውን መጠየቅ አይችሉም፤ መሸጥ የሚችሉት ለሌላ ሰው ነው። ብዙ ገዢዎች ዘግይተው የሚረዱት ይህንን ነው።

ከዚህ የተነሳ ዝግ ፈንድ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። አንደኛው የተጣራ ሀብቱ ለድርሻዎች ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው በገበያ የሚሸጥበት ነው። ለምሳሌ የተጣራ ሀብቱ 10,000,000 ብር፣ የድርሻዎቹ ቁጥር 100,000 የሆነ ፈንድ የአንዱ ድርሻ ሀብት 100 ብር ነው። ገበያው በ90 ብር ቢሸጠው ገዢው በ10 በመቶ ቅናሽ ገዝቷል። ፈንዱ በዓመት 8 ብር ቢከፍል፣ ለዚህ ገዢ ገቢው 8 በመቶ ሳይሆን 8.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሆኖም ቅናሹ ብቻውን ርካሽነትን አያሳይም፤ ገበያው በፈንዱ አስተዳደር ላይ እምነት ማጣቱንም ሊያመለክት ይችላል።

ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ነው። ጎረቤታሞች መቶ በግ በጋራ ቢያረቡ፣ በየዓመቱ ግልገሉንና የጠጉሩን ዋጋ ሲካፈሉ መንጋው እንዳለ ይቆያል። ግልገል ባነሰበት ዓመት እናት በጎች ተሸጠው ክፍያው እንዳይቀንስ ቢደረግ ግን፣ ተካፋዩ የተቀበለው የራሱን መንጋ ነው። በፈንድም እንዲሁ ነው። ከላይ ከተጠቀሰው ጋር እኩል ሀብት ያለው ሌላ ፈንድ በድርሻ 12 ብር ቢከፍልና ከዚህ ውስጥ ከወለድ የተገኘው 7 ብር ብቻ ቢሆን፣ ቀሪው 5 ብር ከዋናው ገንዘብ የወጣ ነው፤ ሌላ ለውጥ ከሌለ የድርሻው ሀብት ወደ 95 ብር ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወለድ የሚያስገኘው ገንዘብም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ 12 ብር የሚከፍለው 8 ብር ከሚከፍለው ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው። የክፍያው ምንጭ በፈንዱ የሒሳብ መግለጫ ላይ ይገኛል፤ ካልተገለጸም በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

የአስተዳደር ክፍያና የፈንዱ ዕዳም ይታያሉ። ተበድሮ የሚሠራ ፈንድ በጥሩ ጊዜ ገቢው ከፍ ይላል፤ የብድር ወለድ ሲጨምር ወይም የሰነዶቹ ዋጋ ሲወርድ ግን ጉዳቱም ከፍ ይላል።

በደጋው የበልግ ዝናብ ሲቀር ቤተሰቡ ለእህልና ለዘር ወዲያውኑ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በዚያን ሰዓት የፈንድ ድርሻ ገዢ ላያገኝ፣ ወይም በቅናሽ ሊሸጥ ይችላል። በተጨማሪም በባንክ ለተቀመጠ ገንዘብ የሚሰጠው የተቀማጭ ገንዘብ መድን የፈንድ ድርሻን አይሸፍንም። በመሆኑም ለክፉ ቀን፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና የተያዘ ገንዘብ ለዚህ ዓይነት ፈንድ አይመከርም፤ ለዓመታት የማይፈለግ ገንዘብ ግን ሊታሰብበት ይችላል።

ድርሻ እንዲገዛ የተጠየቀ ማንኛውም ዜጋ ሻጩም ሆነ ፈንዱ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያላቸው መሆኑን አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ማረጋገጥ፣ የፈንዱን ደንበኛ ሳቢ መግለጫ በጽሑፍ መቀበል፣ ለከፈለውም ገንዘብ ደረሰኝ መያዝ ይኖርበታል። ፈቃዱን ለማሳየት ፈቃደኛ ላልሆነ፣ ወይም በየወሩ የማይቀንስ ትርፍ አረጋግጣለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ ከመስጠት መቆጠብና ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።