ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ የሙዚቃ ማጫወቻ ከስልክ ይበልጣልን?



ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዘመዱ ከውጭ አገር የላከለትን፣ ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ የኪስ ማጫወቻ ይዞ መጣና «ከእንግዲህ በስልክ ዘፈን መስማት ቀረ!» ብሎ አወጀ። ሌላው ይህን ሰምቶ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት ከምሳው እየቀነሰ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረ። «ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩ ይጣራ!» አልነው። የጓደኛ ምሳ የተያዘበት ጉዳይ ነውና ያነበብነውንና የሞከርነውን እነሆ።

እንደሚታወቀው፣ ሙዚቃን በኪስ ይዞ መዞር የተስፋፋው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በሰኔ 1971 ዓ.ም. ዎክማን የተባለውን የካሴት ማጫወቻ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የአሜሪካው አፕል አይፖድን አወጣ። በኋላ ስልክ ሁሉንም ዋጠና አፕል በግንቦት 2014 ዓ.ም. አይፖድ ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። ቢሆንም ለሙዚቃ ብቻ የሚሠሩ ማጫወቻዎች ዛሬም ይሸጣሉ፤ የሚሸጡትም «ድምፃቸው ይበልጣል» እየተባለ ነው።

ለመሆኑ ዘፈን ከዕቃው ተነሥቶ ጆሯችን እስኪደርስ ድረስ በየት በየት ያልፋል? በአራት ጣቢያ ያልፋል።

አንደኛው ፋይሉ ነው። በሲዲ ላይ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ በቁጥር ይጻፋል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከዚያ እጥፍ በላይ መለካቱ ይበቃል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በሲዲ ጥራት 42 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ግን ከ4 ሜጋባይት አይበልጥም። ልዩነቱ ወዴት ሄደ? ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የተጣለ ነው። መጣሉ ሲበዛ የጸናጽሉ ድምፅ ይሻክራል።

ሁለተኛው ቁጥሩን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ለዋጭ ነው። ሦስተኛው ማጉያው፣ አራተኛው የጆሮ ማዳመጫው ነው።

ማጫወቻውና ስልኩ የሚለያዩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣቢያ ብቻ ነው። በዛሬው ዘመን ደህና ተደርጎ በተሠራ ስልክ ውስጥ ያለው ለዋጭ ስሕተቱ ከጆሮ መስማት በታች ነው። የማጫወቻው ቢበልጥም ብልጫው በመሣሪያ ይለካል እንጂ በጆሮ አይያዝም።

ታዲያ ማጫወቻው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ማጉያው ኃይለኛ ስለሆነ፣ በስቱዲዮ የሚሠራባቸውን 250 ወይም 300 ኦም የሆኑ ትልልቅ ማዳመጫዎች ስልክ ሲያቅተው እርሱ ይገፋቸዋል። ኢርፎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ኦም ስለሆነ ለስልክም አይከብድም። አንዳንድ ርካሽ ስልክ ዘፈን ሳይኖር እንኳ «ሽሽሽ» ይላል፤ እዚያ ላይ ማጫወቻው ያሸንፋል። ደግሞም መብራት በጠፋ ሌሊት የስልኩን ባትሪ ለጥሪ ያተርፋል፤ በዘፈኑ መሐልም አይደወልበትም።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የማጫወቻው ባለቤት የሚያዳምጠው በብሉቱዝ ኢርፎን ነበር! በብሉቱዝ ሲሆን ለዋጩም ማጉያውም ያሉት በኢርፎኑ ውስጥ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት የማጫወቻው ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምንጩ ነው። በ1960ዎቹ አምሃ እሸቴ በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች ለብዙ ዓመታት የደረሱን ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ነው፤ በእያንዳንዱ ግልባጭ ኮሽታው ይጨምራል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በሲዲ ያወጣቸውን ከእነዚያ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ውድ ዕቃ አያስፈልገውም። እኛም በሚሞሪ ካርድ የምናስጭነው ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከዩቲዩብ ወርዶ እንደገና የታመቀ ነው። የኢሉባቦር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ የተቃጠለ ቡና በወርቅ ስኒ ቢቀዳም ያው የተቃጠለ ነው።

አሁን ወደ ሙከራችን እንምጣ። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም ምንም አይሰማምና እስኪያባራ ጠበቅን። አንዱን ፋይል በሁለቱም ዕቃዎች ላይ ጭነን በአንድ ባለሽቦ ኢርፎን ሰማን። መጀመሪያ ዝም ብለን ስናዳምጥ ሁላችንም «ማጫወቻው ይበልጣል» አልን። ኋላ በሌላ ስልክ ድምፅ መለኪያ ስንለካ ለካስ ማጫወቻው ትንሽ ከፍ ብሎ ኖሯል! ሰው ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ የጠራ ይመስለዋል። ድምፁን እኩል አድርገን፣ ዕቃዎቹን ከጋቢ ሥር ደብቀን፣ አንድ ልጅ እያቀያየረ ስንሰማ የማጫወቻው ባለቤት ራሱ መለየት አቃተው። ኢርፎኑን ስንቀይር ግን ሁላችንም ወዲያው ለየን።

አባቶች «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ሲሉ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አገኘንበት፦ ጆሯችን ዓይናችን ያየውንና የዋጋውን ወሬ ቀድሞ ይሰማል።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል፤ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ኃይለኛ ማጉያ በእጁ ያለ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። የተጎዳ ጆሮ እንደ ኢርፎን አይቀየርም፤ ነገ ከኋላ ወንበር የሚመልሰውን ተማሪ የምንሰማውም በዚሁ ጆሮ ነው።

ጓደኛችን ካጠራቀመው ላይ ጥቂት አውጥቶ ደህና ባለሽቦ ኢርፎን ገዛ። ምሳውንም መብላት ጀምሯል። አልስማማም የሚል ካለ ጋቢውም መለኪያውም ከእኛ ዘንድ አለ፤ ይምጣና ይሞክር!